ወደ ግብፅ ውረድ፣ ወደ ግብፅ አትውረድ

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሪያድ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሁለት ዓመት ኮንትራት አቅርቦልኛል። እዚያ ለመሥራት የሚጠየቀውን የሙያ ፈተና፣ ፕሮሜትሪክን፣ አልፌያለሁ፤ መልስ ለመስጠት የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። በቅርቡ አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ አገልጋይ ከሕዝቡ መካከል አስነሥቶኝ ስሜንና ሥራዬን ጠራና ‹ጌታ አትሂጂ ይልሻል፤ ባልሽም በረከትሽም እዚህ ነው› አለኝ። ከዚያ በኋላ ጾሜ ጸለይኩ፤ ምንም አልሰማሁም። በመጨረሻ ‹በቃልህ ተናገረኝ› ብዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ዝም ብዬ ስገልጥ ዓይኔ ኤርምያስ 42፥19 ላይ አረፈ፤ ‹ወደ ግብፅ አትግቡ› ይላል። ጓደኞቼ በየቀኑ ‹ጌታ እንዲህ አለኝ› ይላሉ። እኔ ግን ጌታን ካገኘሁ ዓመታት ቢያልፉም እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ችግሩ ከእኔ ነው? የእግዚአብሔርን ድምፅ ከራሴ ሐሳብና ከሰይጣን ድምፅ እንዴት ልለየው?»

ምላሽ፦

ከገለጥሽው ጥቅስ እንጀምር። ከአገልጋዩ ቃል ይልቅ ያሰረሽ እሱ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግብፅ ስለ መሄድ አንድ ወጥ መልስ የለውም። ዘፍጥረት 26 ላይ ራብ በገባ ጊዜ ይስሐቅ «ወደ ግብፅ አትውረድ» ተባለ። ዘፍጥረት 46 ላይ ያው አምላክ ልጁን ያዕቆብን «ወደ ግብፅ መውረድ አትፍራ» አለው፤ ያኔም ራብ ነበር። በኤርምያስ ዘመን የተረፉት የይሁዳ ሰዎች «አትግቡ» ተባሉ። ማቴዎስ 2 ላይ ደግሞ መልአኩ ዮሴፍን ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ አዘዘው። ሁለት «ሂድ»፣ ሁለት «አትሂድ»። ያን ቀን ጣትሽ ማቴዎስ ላይ አርፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሻንጣ እየገዛሽ ነበር።

አራቱም እውነተኛ የእግዚአብሔር ቃሎች ናቸው። አንዳቸውም ግን ስለ ሪያድ አያወሩም። ለማን፣ መቼና ለምን እንደ ተባለ ሳያዩ ጥቅስ ከመካከል መዞ መውሰድ ዕጣ መጣል ነው። በአገራችን ዐውደ ነገሥት ገልጦ የሰው ዕድል የሚናገር «መጽሐፍ ገላጭ» ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። መጽሐፉን በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ተካነው ብቻ ሥራው ሌላ አይሆንም። ነገሩ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ በግልጽ ካልተነገረ ይህ ልማድ አይለቅም።

«አውግስጢኖስስ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይህ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አባት በ386 እ.ኤ.አ. ሚላን ውስጥ በአንድ የአትክልት ስፍራ ሳለ የልጅ ድምፅ «አንሥተህ አንብብ» ሲል ሰማ። የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ዓይኑ ሮሜ 13 ላይ አረፈ፤ ሕይወቱም ተለወጠ። ያገኘው ቃል ግን ስካርንና ዝሙትን ተው የሚል ነው። እሱን በየትኛውም መንገድ ቢያነበው መታዘዝ ነበረበት። እግዚአብሔር ሰውን በፈለገው መንገድ ማግኘት ይችላል። ነገሩ የሚበላሸው እሱ አንድ ጊዜ ያደረገውን እኛ ዘዴ ስናደርገው ነው። ጌዴዎንም የበግ ጠጕር አንጥፎ ምልክት ጠይቋል። ነገር ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ቁልጭ ብሎ ተነግሮት ነበር፤ ጠጕሩን ያስነጠፈው ፍርሃቱ ነው።

የሚገርመው፣ ዓይንሽ ያረፈበት ምዕራፍ ከፍ ብሎ ከመነሻው ቢነበብ ብዙ ያስተምርሻል። ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ ባቢሎናውያን የሾሙት ገዥ ጎዶልያስ ተገደለ። የተረፉት ሰዎች የባቢሎን በቀል አስፈራቸው። የቃሬያ ልጅ ዮሐናን እየመራቸው ጉዞ ጀመሩና ቤተ ልሔም አጠገብ ሰፈሩ። መድረሻቸው ግብፅ ነው። ወደ ኤርምያስ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። «እግዚአብሔርን ጠይቅልን፤ መልካምም ይሁን ክፉ እንታዘዛለን» ብለው ማሉ። ኤርምያስ እዚያው ቆሞ አልተነበየላቸውም፤ ቃሉ የመጣለት ከ10 ቀን በኋላ ነው። መልሱ «አትሂዱ» ሆኖ ሲያገኙት «ሐሰት ተናገርህ» አሉትና ሄዱ። ጓዙ ከጸሎቱ በፊት ተጭኖ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዢ። እውነተኛ ነቢይ 10 ቀን ዝም ሊል ይችላል፤ ማይክ ስለ ጨበጠ ብቻ ቃል አይመጣለትም። ሌላው፣ ከመጠየቃችን በፊት ወስነን እንደ ሆነ ራሳችንን መፈተሽ አለብን። ጥያቄሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አገልጋዩ ምን እንዳለ፣ ጓደኞችሽ ምን እንደሚሉ፣ ጥቅሱ ምን እንደሚል ጽፈሻል። አንቺ መሄድ ትፈልጊ እንደ ሆነ ግን አንድም ቦታ የለም። ይህን ሳትመልሺ የሚመጣልሽ «ድምፅ» ሁሉ ወይ ፍርሃትሽን ወይ ጉጉትሽን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የምፈልገው ይህን ነው» ብለሽ ጸልዪ። መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ተደብቆ ሲሠራ ግን ፍላጎት የእግዚአብሔርን ድምፅ ማስመሰል ይችልበታል።

«ችግሩ ከእኔ ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። ያስቸገረሽ መስማት የሚባለውን ነገር በጆሮ እንደሚገባ ዓረፍተ ነገር አድርገሽ መጠበቅሽ ነው። ብላቴናው ሳሙኤል ታቦቱ ባለበት መቅደስ ውስጥ ይተኛ ነበር። ከዚያ የቀረበ ቦታ የለም። ሆኖም እግዚአብሔር ሲጠራው ሦስት ጊዜ ዔሊ የጠራው መስሎት ተነሥቶ ሮጠ። የለየለት ማነው? ዔሊ ራሱ፤ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን መግራት ያቃተው ሽማግሌ። ዔሊ ድምፁን አልሰማም፤ ግን ምን እየሆነ እንዳለ ገባው። ድምፅ መለየት ብቻን የሚማሩት ነገር አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ደግሞም ያው ምዕራፍ በመጀመሪያ ቁጥሩ በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ ነበረ ይላል። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ራእይና ድምፅ ጎልተው የሚታዩት ታሪኩ ብዙ ዘመናትን ጠቅልሎ ስለሚተርክልን ነው። አብርሃምን ውሰጂ። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ቀጥሎ እግዚአብሔር ተገለጠለት ሲባል የምናነበው በ99 ዓመቱ ነው። በመካከሉ 13 ዓመት አለ፤ መጽሐፉ ስለ እነሱ አንድም ቃል አልጻፈም።

ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ ውሸታሞች ናቸው ብዬ አላስብም። እስኪ አንድ ቀን አንዷን «እንዴት ነው ያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «በልቤ መጣልኝ» ወይም «ስጸልይ ተሰማኝ» ነው። ቋንቋው ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ ነገሩ አንቺም የምታውቂው ነው። ለምሳሌ የሌሊት ተረኛ ሆነሽ አንዲት አስታማሚ ለአራተኛ ጊዜ «ግሉኮሱ አልቋል» ብላ ስትመጣ ቆጣ ብለሽ መልሰሻታል እንበል። ጠዋት ፈረቃ አስረክበሽ ባጃጅ ውስጥ ስትገቢ ነገሩ ከውስጥሽ አልወጣ አለ። ሰበብ ብትደረድሪም አልለቅ አለሽ። በሚቀጥለው ተራሽ ሴትየዋን ፈልገሽ «ትናንት ስለተቆጣሁዎት ይቅርታ» እስክትዪ ድረስ አላረፍሽም። ይህን ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪው? እኔ የእግዚአብሔር ድምፅ እለዋለሁ፤ ያለ ምንም ማመንታት። ማመንታት የማያስፈልገኝ ቃሉ አስቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ነው። መንፈስ ቅዱስ ያደረገው የተጻፈውን አንስቶ በዚያች ጠዋት በዚያች ሴት ስም መጥራት ነው።

የዕለት ተዕለት መስማት በአብዛኛው ይህን ይመስላል። ስለ ወደፊቱ የሚሰጥ መረጃ ጥቂት ነው፤ ዛሬ ስለሚደረግ ነገር የሚሰጥ ማሳሰቢያ ብዙ ነው። ሰው ግን ሁለተኛውን እየዘለለ የመጀመሪያውን ይለምናል።

እግዚአብሔር በሕልም፣ በትንቢት፣ በድንገተኛ ሐሳብ ዛሬም መናገር ይችላል፤ እኔ የዘጋሁት በር የለም። ግን እነዚህ ሁሉ ከተጻፈው ቃል ጋር እኩል ክብደት የላቸውም። ቃሉ ይፈትናቸዋል፤ እነሱ ቃሉን አይፈትኑም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ ይላል። ብዙ ቦታ አንዱ ወገን የመጀመሪያውን፣ ሌላው ወገን ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ከራሴና ከሰይጣን እንዴት ልለይ ስትዪ ሦስት የተለያየ ቃና ያላቸው ድምፆች እንዳሉ አድርገሽ አስበሻል። በቃና መለየት አይቻልም። ጳውሎስ ሰይጣን የብርሃን መልአክ እንዲመስል ራሱን ይለውጣል ይላል። በግብፅ በረሃ መነኮሳት መካከል የተነገረ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ዲያብሎስ ለአንድ አባት መልአክ መስሎ መጣና «ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬ ነው» አለው። አባም «ምናልባት ወደ ሌላ ሰው ተልከህ ይሆናል፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም» አለ። ያ የመጣው ወዲያው ጠፋ። አባ የፈተነው የድምፁን ቃና አልነበረም። ትዕቢትን ሊቀሰቅስ የመጣ ነገር ትሕትና ሲገጥመው ምን እንደሚሆን ነው ያየው።

ስለዚህ ይዘቱንና ፍሬውን እይ። ያዕቆብ ከላይ የሆነችው ጥበብ ንጹሕ፣ ሰላማዊ፣ ገር፣ እሺ ባይ መሆኗን ጽፏል። የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳ አንድ ነገር ለይቶ ያነሣል፤ መውጫውንም አብሮ ያሳያል፤ «ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ» እንደሚለው። ከሳሹ ሰይጣን ግን በጅምላ ነው የሚናገረው፤ «አንቺ መቼም አትረቢም፤ ሌላው ሁሉ ይሰማል አንቺ ብቻ ቀረሽ» ይላል። በነገራችን ላይ «ችግሩ ከእኔ ነው?» ያሰኘሽ ድምፅ ወደዚህኛው ያደላል። ሌላው የምጠረጥረው ነገር ጥድፊያ ነው። «ዛሬ ካልወሰንሽ አለቀልሽ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ቁጭ በዪ። ምክር የሚፈራ መልእክት ራሱን አጋልጧል።

ስለ «ሰላም ተሰማኝ»ም አንድ ነገር ልበል፤ በአማኞች መካከል ይህን ያህል የሚታመን፣ ይህን ያህልም የሚያሳስት መለኪያ ጥቂት ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ መርከቡ ኢዮጴ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ የሚከፍለውም አላጣም፤ ማዕበሉ ሲናወጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። በር ተከፍቷል፣ ገንዘብ ተገኝቷል፣ ሰላም ሰፍኗል፤ ሰውየው ግን እየሸሸ ነው። ጌታ ኢየሱስ ደግሞ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝናለች፤ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርዳል። በአብ ፈቃድ መካከል የነበረው እሱ ነው።

ስሜት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት ስሜት አይበቃም ነው የምለው። የሎዮላው ኢግናጥዮስ ወታደር ነበር። በ1521 እ.ኤ.አ. ፓምፕሎና ላይ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ጀግንነትና ስለ ክብር ሲያልም ደስ ይለዋል፤ ካለፈ በኋላ ግን ውስጡ ይደርቃል። ክርስቶስን እንደ ቅዱሳኑ ስለ መከተል ሲያስብ የሚመጣው ደስታ ግን ሐሳቡ ካለፈም በኋላ አብሮት ይቆያል። ይህን ልዩነት ማስተዋሉ የኋላ ትምህርቱ ሁሉ መሠረት ሆነ። (ኢየሱሳውያንን የመሠረተው እሱ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ትዝ ያሉት አንባቢ ይኖራል፤ የዚያን ዘመን ጣጣ ለታሪክ እንተወው።) ሌላም ምክር አለው፦ ውስጥሽ በደረቀበትና በጨለመበት ሰዓት ቀድሞ በብርሃን የወሰንሽውን አትለውጪ።

አሁን ወደ አገልጋዩ እንምጣ። ስምሽንና ሥራሽን መጥራቱ ምንም አያረጋግጥም። ፊልጵስዩስ ውስጥ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት ልጅ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው ትል ነበር። ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። ጳውሎስ ግን መንፈሱን አስወጣ። የዛሬ ዘመን ሰው ደግሞ ስምና ሥራ ለማወቅ ፌስቡክ ይበቃዋል። ሰውየው አጭበርባሪ ነው አላልኩም፤ አላውቀውም። ቅን ሆኖም ሊሳሳት ይችላል።

ቅንነት ከስሕተት እንደማያድን የሐዋርያት ሥራ 21 በደንብ ያሳያል። በጢሮስ የነበሩ ደቀ መዛሙርት ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ በመንፈስ ነገሩት። ቂሣርያ ላይ ነቢዩ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር አሰረና «የዚህን መታጠቂያ ባለቤት እንዲህ ያስሩታል» አለ። የተገለጠው እስራት ነው። «ስለዚህ አትሂድ» የሚለውን የጨመሩት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ እያለቀሱ። ጳውሎስ መገለጡን ተቀበለ፤ መደምደሚያውን አልተቀበለም። ሄደ፤ ታሰረም። ለአንቺም የተነገረሽን እንዲሁ ለሁለት ከፍለሽ እዪው። አገልጋዩ ያየው ምንድን ነው? ከራሱ የጨመረውስ? ምናልባት በጉዞሽ ላይ አንድ ችግር ታይቶት ይሆናል። ምናልባት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር መሄዷን ስለማይወድ ይሆናል። ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው 1 ቆሮንቶስ 14 ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ይናገሩ፣ ሌሎቹም ይለዩአቸው የሚለው። መድረክ ላይ ተነግሮ፣ በጭብጨባ ታጅቦ፣ ማንም ሳይመዝነው ወደ ቤት የተላከ ትንቢት ግማሽ ሥራው አልተሠራም። «ልመዝነው» ማለት አለማመን አይደለም። 1 ነገሥት 13 ላይ ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው ራሱ የሰማውን ትቶ «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ» ያለውን ሽማግሌ አመነ። ሽማግሌው ዋሽቶት ነበር፤ የዋሁን ሰው በመንገድ አንበሳ ገደለው።

«ባልሽ እዚህ ነው» የሚለውን ለብቻው ልንካው። ጳውሎስ ስለ መበለት ሲጽፍ የወደደችውን ልታገባ ነጻነት እንዳላት፣ በጌታ ይሁን እንጂ፣ ይላል። ምርጫው የእሷ ነው። ነገ አንድ ወንድም መጥቶ «ጌታ ሚስትህ ናት ብሎኛል» ቢልሽ፣ ለእሱ የተነገረው ለአንቺ እንዳልተነገረ ንገሪውና ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ትንቢትን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ወይም የቴሌብር ቁጥር ተከትሎት ከመጣ ደግሞ መመዘንም አያስፈልገውም፤ በሩን ዝጊው።

አንድ ማሳሰቢያ ከአንቺ ይልቅ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ነው። ብዙ ቀን ሳይተኙና ሳይበሉ የቆየ ሰው የሌለ ነገር መስማት ይችላል፤ አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ። በጆሮ የሚሰማ፣ የሚያዝ፣ የሚሳደብ፣ ራስህን ወይም ሌላውን ጉዳ የሚል ድምፅ ካለ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሐኪም መታየት አለበት። አማኑኤል ሆስፒታል የሄደ ሰው እምነቱን በር ላይ ጥሎ አይገባም። የቅርብ ሰው የሞተበት በኀዘኑ ሰሞን የሟቹን ድምፅ የሰማ ቢመስለው ግን ብዙ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው፤ አይደንግጥ። «መድኃኒትህን ተው» የሚል ድምፅ ወይም ትንቢት ደግሞ ከየትም ይምጣ አትታዘዙት። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። በሁሉም ወገን ያሉ አገልጋዮች ይህን ቢደግሙት ደስ ይለኛል።

ሪያድ መሄድ ወይም ሐዋሳ መቅረት ላይ የተጻፈ ትእዛዝ የለም። ብዙ ሰው «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ሲባል አንዲት ቀጭን ገመድ ይታየዋል፤ ከሳታት የወደቀ። ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ ኒቆጶልዮን ልከርም ቆርጫለሁ ይላል። ራእይ አልጠቀሰም፤ ወሰነ፣ ጻፈ። መቄዶንያ ሲሄድ ደግሞ ራእይ አይቷል። ያው ሰው፣ ያው መንፈስ፣ ሁለት ዓይነት ጉዞ። እግዚአብሔር ልዩ ምሪት መስጠት ሲፈልግ አንቺን ማግኘት አያቅተውም። ዝም ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰጠሽን አእምሮ ተጠቀሚ ማለቱ ነው። ዝምታውን እንደ ቅጣት አትቁጠሪው።

ልዩ ምሪት ያገኘ ሰው እንኳ ምን እንዳደረገ ኤርምያስ 32 ላይ አንብቢ። ነቢዩ በከተማዋ ከበባ ወቅት በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛልኝ እንደሚለው ተነገረው። ቃሉ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ያወቅሁት አናምኤል በእርግጥ ሲመጣ ነው ይላል። ኤርምያስ! ከዚያ 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ ውሉን ፈረመ፤ አተመ፤ ምስክር ጠራ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ቅጂ ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። እግዚአብሔር ስለተናገረው ወረቀቱን አልዘለለም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በዚህ ትንቢትና በዚህ ጥቅስ ምክንያት ኮንትራቱን አትተዪ። ለመቅረት ሌላ በቂ ምክንያት ካለሽ ቅሪ፤ ያም መልካም ነው። በቀሩሽ ሦስት ሳምንታት ሌላ ቃል ፍለጋ ከፕሮግራም ፕሮግራም አትዙሪ፤ ገልጦ ማየቱንም አቁሚ። አንድ መጽሐፍ፣ ለምሳሌ ፊልጵስዩስን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀስታ አንብቢ፤ በየቀኑ ያገኘሽውን አንድ ነገር ያን ቀን አድርጊው። ጌታ ራሱ ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ትምህርቱን ያውቃል ብሏልና፣ ጆሮ የሚሠራው በመታዘዝ ነው። ትንቢቱን ለሚያውቁሽ ሁለት ሽማግሌዎች አቅርቢና ይመዝኑት። ኦርቶዶክስ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው የንስሐ አባቱ ጋ ይሂድ፤ ሥራቸው ነው። ወላጆችሽን ጠይቂ። ሪያድ የምትሠራ ነርስ ፈልገሽ አነጋግሪ፤ ደስ የሚልሽን ብቻ የማትነግርሽን።

መንፈሳዊ ሕይወትሽንም በጥሬው አስቢው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ከአምልኮ ፕሮግራሙ ድምቀት ውጭ ብቻሽን ክፍልሽ ውስጥ መጸለይ ትችያለሽ? ይህ ከትንቢቱ ይልቅ ሊያሳስብሽ የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ «አልችልም» ከሆነ መቅረት አሳፋሪ አይደለም። መጨረሻው ሳምንት ላይ ለራስሽ ወስኚ፤ ለማንም ሳትናገሪ ከውሳኔው ጋር ጥቂት ቀን ኑሪ፤ ውስጥሽ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ፤ ከዚያ መልስሽን ስጪ። ሙሉ እርግጠኝነት ላይመጣልሽ ይችላል፤ አትጠብቂው።

ስትወስኚ ደግሞ «ጌታ ሂጂ አለኝ» ወይም «ቅሪ አለኝ» አትበዪ። «ጸለይኩ፣ መከርኩ፣ ወሰንኩ» በዪ። የመጀመሪያው አባባል የሰውን አፍ ይዘጋል፤ ወላጆችሽ እንኳ ከእግዚአብሔር ጋር መከራከር ይሆንባቸዋል። ሁለተኛው ተሳስተሽ ብትገኚ ለመመለስ ያመቻል። ከመፈረምሽ በፊት ግን ፓስፖርትሽ በማን እጅ እንደሚቆይና የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚችል የሚለውን አንቀጽ ደግመሽ አንብቢው።